ከመስጠት አስቀድሞ መጠየቅ

አንዲት ብልህ የቤት እመቤት ቅቤ ልትገዛ ገበያ የወጣች እንደ ሆነ ዝም ብላ ገንዘቧን አትከፍልም። ቅቤውን ታሸታለች፤ በጣቷ ቆንጥራ ትቀምሳለች፤ ለጋ ይሁን የቆየ፣ ንጹሕ ይሁን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ትመረምራለች፤ ባለ ቅቤዋንም ከወዴት እንደ መጣች ትጠይቃታለች። ይህን በማድረጓ ንፉግ ናት ብሎ የሚነቅፋት የለም፤ እንዲያውም ቤቷን ዐዋቂ ትባላለች። ነገር ግን ይህችው አስተዋይ እመቤት፣ ባሏም ጭምር፣ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ወይም ለድኾች መርጃ ገንዘብ አዋጡ የተባሉ እንደ ሆነ፣ ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ ገንዘቡም ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ይሰጣሉ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለአንድ ሕፃን ሕይወት ሳናደርግ መቅረታችን እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ስለ መስጠትና ስለ መጠየቅ ጥቂት ለመናገር ዐስበናል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ምሳሌያችንን ከጎረቤት አገር፣ ከኬንያ ዋና ከተማ ከናይሮቢ እንውሰድ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከከተማው መካከል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ይገኛል፤ ስሙም በስዋሂሊ ቋንቋ በኮረብታው ላይ ማለት ነው። ቀድሞ በሰፋፊ ግቢና በአትክልት የተከበቡ ቤቶች የሚታዩበት ነበረ፤ ዛሬ ግን በብዙዎቹ ፋንታ ረዣዥም ፎቆች ቆመውበታል። በዚህ ሰፈር ያገራችን ሰዎች ይኖራሉ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ስላሉ እንጀራና ቡና የናፈቀው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ብዙ የበጎ አድራጎት ማኅበሮችም ጽሕፈት ቤታቸው በዚሁ ሰፈር ነው። ከንጎንግ መንገድ ወዲያ ደግሞ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው እርስ በርሱ የተደጋገፈው የድኾች ሰፈር ኪቤራ አለ። እንግዲህ በአንድ ወገን ሊሰጥ የሚችል ሰው፣ በሌላ ወገን የተቸገረ ሰው፣ በመካከላቸውም «እኔ አደርስላችኋለሁ» የሚል ብዙ አስታራቂ ይገኛል። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ስለ መካከለኛው ሰው ነው።

ጊዜውም መስጠትን ቀላል አድርጎታል። በ2007 በኬንያ ኤም ፔሳ የሚባለው በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ መቶም ሆነ ሺህ ሽልንግ መላክ ይችላል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ለታመመ ሰው በጊዜ ይደርሳል፤ ከሩቅ ያለ ዘመድም ይረዳበታል። ሆኖም መስጠት የቀለለውን ያህል ማታለልም ቀልሏል። የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍና አንድ የስልክ ቁጥር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይውላል፤ ሕፃኑ የማን እንደ ሆነ፣ ዛሬም ታሞ ይሁን ወይም ከዓመት በፊት ድኖ እንደ ሆነ፣ ቁጥሩም የእናቱ ይሁን የሌላ ሰው፣ አጣርቶ የሚልክ ጥቂት ነው።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን በቅዱስ መጽሐፍ የታዘዘ ስለ ሆነ ምርመራ ምን አመጣው ይሉን ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። ትእዛዙ የሚከለክለው ለውዳሴ ከንቱ ብሎ መስጠትን ነው እንጂ ገንዘቡ ለድኻው መድረሱን ማረጋገጥን አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በስድስተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ በየቀኑ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ችላ ተባሉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ሰዎች አልገሠጹም፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙ እንጂ። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሰው እንዳይነቅፈው ብሎ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ ሌሎች የታመኑ ሰዎች አብረውት እንዲሆኑ አደረገ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የዘረጋውን ድኻ አንድ ሳንቲም ስንሰጠው የሕይወቱን ታሪክ መመርመር አይገባን ይሆናል፤ እርሱ ራሱ በፊታችን ነውና። ለማኅበር ስንሰጥ ግን መጋቢ መሾማችን ነው፤ መጋቢን ደግሞ ሳያውቁት አይሾሙትም።

ይህ ልማድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ያገራችን እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገብ አለው፤ የዕለቱ ወጪና ገቢ በአባላቱ ፊት ይነበባል። ገንዘብ ያዡ ምንም ያህል የተከበረ ሽማግሌ ቢሆን «ባለፈው ወር የገባው ይህን ያህል ነበር፤ ዛሬ ለምን ጎደለ?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ነውረኛ አይባልም። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ያውቁ ስለ ነበር፣ ሒሳብ የማይጠየቅበት ሹመት ደጉንም ሰው እንደሚያበላሽ ተረድተው ነበር። ታዲያ ለጎረቤታችን ቀብር የምናደርገውን ጥያቄ ለማናውቀው ድርጅት ሲሆን የምንረሳው ስለ ምንድን ነው?

ኬንያውያንም በዚህ ነገር ረጅም ትምህርት አላቸው። በ1963 ነጻነታቸውን ባገኙ ጊዜ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል፣ ይኸውም ሁላችን አብረን እንሳብ ማለት ነው፣ የአገሩ መፈክር አደረጉት። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደምንለው ነው። ሕዝቡም በየመንደሩ እያዋጣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሠራ። ነገር ግን ዘመናት እያለፉ ሲሄዱ መዋጮው የፖለቲካ ሰዎች ስማቸውን የሚያስጠሩበት፣ ባለሥልጣኖችም የበታቾቻቸውን የሚያስገድዱበት ሆነ። ስለዚህ በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሕግ አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን የመዋጮ መሰብሰቢያ እንዳያደርግ፣ በሥልጣኑም ተጭኖ ገንዘብ እንዳያስወጣ ከለከለ። መዋጮ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ ጠያቂ ሲያጣ ወዴት እንደሚያዘነብል ይህ ይመሰክራል።

እንግዲህ አንድ ሰው ገንዘቡን ወይም ጊዜውን ከመስጠቱ በፊት ምን ምን ይጠይቅ? እኛ አራት ጥያቄዎች ይበቁታል እንላለን።

የመጀመሪያው፣ ድርጅቱ በሕግ የታወቀ ነውን? የሚለው ነው። በኬንያ በ1990 በወጣው ሕግ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን የሚመዘግብ ቦርድ ተቋቁሞ ነበር። በኋላም በ2013 የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች ሕግ የሚባለው ተደነገገ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ዘግይቶ በሜይ 2024 በሥራ ላይ ውሏል፤ ቦርዱም በተቈጣጣሪ ባለሥልጣን ተተክቷል። በአገራችን ደግሞ በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የተቋቋመው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ድርጅቱን የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቆ ከመዝገብ ቤቱ ማመሳከር ይቻላል። በዲሴምበር 2014 የኬንያው ቦርድ 510 ድርጅቶችን ከመዝገብ መሰረዙን አስታውቆ ነበር፤ ለብዙዎቹ የተሰጠውም ምክንያት የሒሳብ መግለጫ አለማቅረባቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ የተሰረዘ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የተመዘገበም ሁሉ መልካም ሠሪ ነው ማለት አይደለም። ምዝገባ የደጁ ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ለማየት ግን መግባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? የሚለው ነው። በውጭ ሒሳብ መርማሪ የተመረመረ የዓመት ሒሳብ እንዲያሳዩን መጠየቅ መብታችን ነው። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰዎች ለደመወዝና ለጽሕፈት ቤት ምንም አናወጣም የሚለውን ድርጅት ከሁሉ የተሻለ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን ሒሳብ ጸሐፊ የሌለው ድርጅት ሒሳቡን ማን ይጽፍለታል? ነርስ የማይቀጥር ክሊኒክስ ምን ዐይነት ክሊኒክ ነው? በአገራችን ሕግ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ ጥሩ ልክ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን በወጣው ወጪ ምን ተሠራበት የሚለው ነው።

ከሒሳብ ይልቅ የድርጅቱን ጠባይ የሚገልጠው ደግሞ ስለ ጉድለቱ የሚናገረው ነው። በኬንያ ለድኻ ቤተ ሰቦች ገንዘብ በስልካቸው በቀጥታ በመስጠት የታወቀው ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት፣ በ2022 በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከሚሠራው ሥራ ወደ 900 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ መሰረቁን፣ የገዛ ሠራተኞቹም እንዳሉበት፣ በ2023 ራሱ በይፋ አስታውቋል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ይሸሽ ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ ሌባ በየቤቱ ይገባል፤ ሌባ ገብቶብኛል ብሎ ለጎረቤቱ የሚናገር ግን ሒሳቡን የሚቈጥር ሰው ነው። በሃያ ዓመት ሥራ ውስጥ አንድ ስሕተት እንኳ አላገኘንም የሚል ድርጅት ቢያጋጥመን ይልቁንስ እርሱን እንጠርጥር።

ሦስተኛው፣ ሥራው እውነት ይጠቅማልን? የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ ነው፤ በጎ ሐሳብ ሁሉ በጎ ፍሬ የሚያፈራ ይመስለናልና። በምዕራብ ኬንያ በቡሲያ አካባቢ የሆነውን እንመልከት። አንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1996 ጀምሮ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት አደለ። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ መጽሐፍ ከመስጠት የሚሻል ምን አለ? ነገር ግን ሊቃውንት መጻሕፍቱን ያገኙትን ትምህርት ቤቶች ካላገኙት ጋር ሲያስተያዩ የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ብርቱዎች የነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱም መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበርና፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። በዚያው አገር ከ1998 ጀምሮ በ75 ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሆድ ትል መድኃኒት በታደለ ጊዜ ግን ከትምህርት የሚቀሩት ልጆች ቍጥር በሩብ ያህል እንደ ቀነሰ በ2004 የታተመው ጥናት አመለከተ። ስለ ጥቅሙ መጠን በኋላ በሊቃውንት መካከል ክርክር ቢነሣም፣ መድኃኒቱ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው። ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር እንዲህ ባለው የምርመራ ዘዴ በ2019 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። መጽሐፍ መስጠት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ የሰጪው ዐይን ያማረለት ነገር ለተቀባዩ የሚጠቅመው ላይሆን ይችላል ማለታችን ነው። ስለዚህ ድርጅቱን «ስንት መጽሐፍ አደላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ? በምንስ ዐወቃችሁ?» ብለን እንጠይቅ።

አራተኛው ጥያቄ ልብን የሚነካ ነው፤ ይህ ሕፃን እናት አለችውን? የሚለው ነው። ብዙ ሰው በእሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ፣ ብስኩትና ልብስ ሸክፎ፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሊጎበኝ ይሄዳል። ሐሳቡ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሴቭ ዘ ቺልድረን የተባለው ድርጅት በ2009 እንደ ገለጠው፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ሕፃናት ከአምስቱ አራቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አለው። ከቤታቸው ያወጣቸው የወላጅ ሞት ሳይሆን ድኽነት ነው። አንዲት እናት ልጇን የምታበላው አጥታ ሳለ ከመንገዱ ማዶ ምግብና ትምህርት የሚሰጥ ማሳደጊያ ቢኖር፣ ልጇን ከመስጠት በቀር ምን ታደርጋለች? እንግዲህ እኛ ገንዘባችንን ለማሳደጊያው ሕንጻ በሰጠን ቍጥር፣ ለእናቲቱ ግን ባልሰጠን ቍጥር፣ ሳናውቀው ልጁን ከእቅፏ የምንነጥቅ እኛው እንሆናለን። ከዚህም የከፋ አለ፤ ጎብኚና ገንዘብ ይመጣ ዘንድ ልጆችን ከየመንደሩ የሚሰበስቡ፣ ወላጅ ያላቸውንም የሙት ልጆች ናቸው የሚሉ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ተገኝተዋል።

የኬንያ መንግሥት ይህን በመገንዘብ በኖቬምበር 2017 አዲስ የሕፃናት ማሳደጊያ እንዳይመዘገብ አገደ፤ ቀጥሎም ከ2022 እስከ 2032 ለሚቈይ ጊዜ ልጆችን ከማሳደጊያ ወደ ቤተ ሰብና ወደ ዘመድ የሚመልስ የአሥር ዓመት ዕቅድ አወጣ። ይህ ማለት ማሳደጊያ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በረኃብ ከሞተችው እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ ብዙ ልጆችንም አሳደጉ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ። በእውነት ማንም የሌለው ሕፃን አለና፤ ለእርሱ በር የሚከፍት የተባረከ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየን ግን ጥያቄው ነው። መልካም ማሳደጊያ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ቤተ ሰብ የተጻፈ መዝገብ አለው፤ ባለፈው ዓመት ስንቱን ወደ ዘመዱ እንደ መለሰም ሊነግረን ይችላል። ክፉው ግን የልጆቹ ቍጥር መብዛቱን ብቻ ይነግረናል።

ጊዜያችንንም ስንሰጥ እንዲሁ ነው። ማን እንደ ሆንን ሳይጠይቅ ልጆቹን እንድናቅፍና ፎቶግራፍ እንድንነሣ የሚፈቅድ ቤት ለእኛ ደግ መስሎ ይታያል፤ ለልጆቹ ግን ጠባቂ አይደለም፤ ነገ ለክፉ ሰውም እንዲሁ ይከፍታልና። የታወቀ ድርጅት ከፖሊስ የመልካም ጠባይ ማስረጃ አምጡ ቢለን ልንቀየም አይገባም፤ ልናመሰግነው ይገባል። በየእሑዱ የሚለዋወጥ እንግዳ የሚያቅፈው ሕፃንም ሰውን መልመድና ከሰው መለየት ልማዱ ይሆናል፤ ይህም ይጎዳዋል። ስለዚህ ከማቀፍ ይልቅ ሞያችንን እናበድር። ሒሳብ ዐዋቂ የሆነ የድርጅቱን መዝገብ ያስተካክልለት፤ ስፌት የምታውቅ ለእናቶች ታስተምር፤ ነርስ የሆነች ስለ ሕፃናት አመጋገብ ትምከር። ለሦስት ሳምንት መጥቶ ከመጥፋት በወር አንድ ቀን ለሦስት ዓመት መምጣት ይሻላል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ባልና ሚስት በዓመቱ መጀመሪያ ተቀምጠው ለበጎ ሥራ የሚያወጡትን ገንዘብ ይወስኑ፤ ለመጣው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ከመበተንም መርምረው የመረጧቸውን አንድ ወይም ሁለት ድርጅቶች በጽናት ይርዱ። ገንዘቡን በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ በግለ ሰብ ስልክ አይላኩ፤ ከመላካቸው በፊትም በስልኩ ላይ የሚታየውን የተቀባዩን ስም ያንብቡ፤ ደረሰኝ ይጠይቁ። ለታመመ ሰው ሲሆን የሐኪም ቤቱን ስም ጠይቆ ለሐኪም ቤቱ መክፈል ይሻላል። ዛሬውኑ ካልሰጣችሁ ብሎ የሚያቻኩለውን ይጠንቀቁ፤ እውነተኛ ችግር ቢያስቸኩልም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሆን ጊዜ አያጣምና። ልጆችም ይህን ሁሉ አጠገብ ሆነው ይስሙ፤ እጃቸው መስጠትን ሲለምድ አፋቸውም መጠየቅን ይልመድ።

በኪሊማኒም ሆነ በሌላ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የአንድ ሰው ሬሳ ወደ አገሩ ለመላክ ወይም የታመመ ወገን ለማሳከም ገንዘብ ሲሰበስቡ በእድር ሥርዐት ያድርጉት። አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፤ ሌላው መዝገቡን ይጻፍ፤ ሦስተኛው ሁለቱን ያመሳክር፤ በመጨረሻም የገባውና የወጣው፣ የተረፈም ካለ የተረፈው፣ በሁሉ ፊት ይነበብ። ይህ በሰብሳቢው ላይ የሚደረግ ጥርጣሬ አይደለም፤ ሰብሳቢውን ከሐሜት የሚጠብቅ ጋሻ ነው። በጁላይ 2011 በሰሜን ኬንያ ድርቅ በጸና ጊዜ የአገሩ ቀይ መስቀል፣ ባንክና የስልክ ኩባንያ፣ ጋዜጦችና ሬዲዮኖችም ተባብረው «ኬንያውያን ለኬንያ» የሚል መዋጮ በጀመሩ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ 500 ሚሊዮን ሽልንግ ለመሰብሰብ ዐስበው ከዚያ በላይ ሰበሰቡ። ሕዝቡ ማን እንደሚቀበለው፣ ለምን ሥራም እንደሚውል የሚያውቀው ነገር ሲያገኝ እጁን እንደማያጥፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መጠየቅ የልግስና ጠላት ነው የሚሉ ተሳስተዋል። የማይጠይቅ ሰጪ አንድ ጊዜ የተታለለ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰበስባል፤ «ሁሉም ሌቦች ናቸው» ይላል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ያላታለለው ድኻ ነው። ጠይቆ የሰጠ ግን ነገም ይሰጣል። ከዚህም ሁሉ በላይ በኪቤራ ወይም በአዲስ አበባ፣ ከልጇ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለማደር የወር የቤት ኪራይ ብቻ የጎደላት እናት አለች። የእኛ ሽልንግና የእኛ ብር ለእርሷ ይደርሳል ወይስ ልጇን የሚወስድባትን ግንብ ይሠራል? ይህን የሚወስነው ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ነው።